አርባ ሦስት ሲንጀር

አንዳንድ ሰው ከሞተ በኋላ ስሙ ዕቃ ሆኖ ይቀራል። አይዛክ ሲንገር የተባለው አሜሪካዊ በ1851 እ.ኤ.አ. በቦስተን ከተማ አሻሽሎ ለሠራት የስፌት መኪና የፈጠራ ባለቤትነት መብት ሲያወጣ፣ ስሙ አንድ ቀን ከዳሞታ ተራራ ሥር፣ በወላይታ ሶዶ ገበያ፣ «ሲንጀር» ተብሎ የዕቃ ስም እንደሚሆን በሕልሙም የሚያስበው ነገር አልነበረም። ለእኛ የስፌት መኪና ሁሉ ሲንጀር ነው። ጃፓን ሠርታው ሌላ ስም ብታትምበትም ሲንጀር ነው፤ ከሻንጋይ መጥቶ የቢራቢሮ ሥዕል ቢኖርበትም ሲንጀር ነው። «ሲንጀር አላት» የተባለላት ሴት ሙያዋም እንጀራዋም አብረው ተነገሩላት ማለት ነው።

ባለፉት ዐሥራ ሁለት ዓመታት 43 ሲንጀሮች በእጄ ገብተዋል። ይህን ስጽፍ ሀብት ያካበትሁ ሰው መስዬ እንዳልታያችሁ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ፤ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ያለኝ ባለ ሁለት ክፍል ቤትና ከጀርባው በቆርቆሮ የተከለለ አንድ ጓዳ ነው። የመጀመሪያዋን መኪና የገዛኋት በሚዛን ነበር፤ በኪሎ። ብረታ ብረት ከሚሰበስብ ሰው ግቢ፣ ከተጣመመ ቆርቆሮና ከተሰበረ የብስክሌት ቸርኬ ጋር ተጋድማ አገኘኋት። ከነዝገቷ 13 ኪሎ መዘነች። ሻጩ ሐቀኛ ሰው ስለነበረ ከሥሯ የተጣበቀውን እንጨት «ይኼ ብረት አይደለም» ብሎ ከሒሳቡ ቀነሰልኝ።

ለምን ገዛኋት? ገላዋ ጥቁር ነው፤ በጥቁሩ ላይ የደረቀ ዘይትና አቧራ ተጋግሮበታል። በአውራ ጣቴ ሳሸው ከሥሩ ወርቃማ ቀለም ብቅ አለ። ዓይን መሰለኝ። ቤት ወስጄ ሳጸዳው የሰው ፊትና የአንበሳ ገላ ያለው የግብፆቹ ስፊንክስ ሆኖ ወጣ። የሲንጀር ፋብሪካ በአንድ ዘመን ለአንዳንድ ሞዴሎቹ ይህን ሥዕል ያትምባቸው ነበር። በስኮትላንድ የታተመ የግብፅ ሥዕል፣ በሶዶ ከተማ በኪሎ ሲሸጥ… ይህን ያህል መንገድ የተጓዘ ነገር ቀልጦ የአርማታ ብረት ይሆናል ማለት አልዋጥልህ አለኝ።

*

ከዚያች ወዲያ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ይሄድ ጀመር። ተማሪዎቼ ቤተሰብ ጥየቃ ሄደው ሲመለሱ፣ «ቲቸር፣ አያቴ ጓዳ አንዲት አለች» ይሉኛል። አረካ፣ ቦዲቲ፣ ገሱባ፣ ሁምቦ ጠበላ… ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ እየተመላለስሁ አንዳንዷን በጥሬ ገንዘብ፣ አንዳንዷን በዱቤ፣ ሁለቱን ደግሞ «ከቤት ብቻ አውጣልኝ» ተብዬ በነጻ አመጣሁ። የመኪናው ረዳት ጭነቴን ሲያይ መጀመሪያ ይቈጣል፤ ኋላ «አባቴም ነበረችው» ይላል። ይህን ቃል ከስንት ረዳት እንደ ሰማሁት ቈጥሬ አልዘልቀውም።

በየሄድሁበት የምሰማው ታሪክ ወንድማማች ነው። ሰውየው መኪናዋን የገዛት በዕቁብ ነው። ዕቁቡ ሲደርሰው አዲስ አበባ፣ መርካቶ ድረስ ሄዶ አመጣት። በረንዳ ተከራየ። የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሙሽራ ሱሪ፣ የሐዘን ጥቁር ልብስ ሰፋ። ልጆቹን በእግሩ ፔዳል አስተማረ። ከዚያ የልባሽ ጨርቅ ቦንዳ ገበያው መካከል ተፈታ። አንድ ኮት ከእጅ ሥራ ዋጋ ባነሰ ገንዘብ ሲሸጥ፣ ጨርቅ ገዝቶ፣ ተለክቶ፣ ሳምንት ጠብቆ የሚያሰፋ ሰው እየሳሳ ሄደ። ሰውየው በቁልፍና በዚፕ ቅየራ፣ በሱሪ ማሳጠር ኑሮውን ገፋ። በመጨረሻም ዓይኑ ደከመ፤ በመርፌዋ ቀዳዳ ክር ማስገባት ያቃተው ዕለት መኪናዋን በጨርቅ ሸፈናት።

ታሪክ ግን ፌዝ አታጣም። በፈረንሳይ አገር ባርተለሚ ቲሞኒዬ የሚባል ልብስ ሰፊ በ1830 እ.ኤ.አ. የስፌት መኪና የፈጠራ መብት አግኝቶ፣ ለሠራዊቱ ልብስ የሚሰፉ መኪኖች ፓሪስ ላይ ቢተክል፣ የከተማይቱ ልብስ ሰፊዎች «እንጀራችንን ሊበላብን ነው» ብለው በቁጣ ገብተው ሰባበሩበት። ቲሞኒዬም ድኽነቱ ሳይለቀው በ1857 እ.ኤ.አ. ሞተ። እነሆ መኪናዋ እንጀራ ቀሚ ተብላ ተሰበረች፤ ዘመን አልፎም እንጀራ ሰጪ ሆነች፤ ዛሬ ደግሞ እንጀራዋን ሌላ ቀማት። ማሽንን አጥብቆ ይተች የነበረው ማኅተመ ጋንዲ እንኳ በ1924 እ.ኤ.አ. ስለ ማሽን ሲጠየቅ ሲንጀርን ከነቀፌታው ነጥሎ አውጥቷታል። ሰውን አገልግላ ሰውን ከማታሰናብት ጥቂት ማሽኖች አንዷ አድርጎ አይቷት ይመስለኛል።

ይሁንና አሮጌ መኪና የሚሰበስብ ሰው በጥርጣሬ መታየቱ አይቀርም። «ውስጧ ምን አለ?» ይሉኛል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ይህ ጥያቄ የመጣው ከባዶ አይደለም። በ2009 እ.ኤ.አ. ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ በአሮጌ ሲንጀሮች መርፌ ላይ «ቀይ ሜርኩሪ» የሚባል ውድ ነገር አለ የሚል ወሬ ተነዝቶ፣ የመኪናዎቹ ዋጋ ሰማይ ነክቶ፣ ፖሊስ ጉዳዩን እስከ መመርመር ደርሶ ነበር። ወሬው ባዶ ነበር። እኔም ለጠየቀኝ ሁሉ የመኪናዋን ሆድ ከፍቼ አሳያለሁ። ብናኝ፣ የደረቀ ዘይት፣ የተቆራረጠ ክር… ሁምቦ ላይ ከገዛኋት ውስጥ ደግሞ ትንሽ የሕፃን ቀሚስ ቁልፍ ወጥታለች። አስቀምጫታለሁ።

*

እያንዳንዷ መኪና በገላዋ ላይ የተቀረጸ ቁጥር አላት። ከ1900 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠሩት ሲንጀሮች ከቁጥሩ በፊት የላቲን ፊደል አላቸው፤ ፊደሉ የተሠሩበትን ፋብሪካና ዘመን ይናገራል። በ«ኤፍ» የሚጀምሩት ከ1910ሮቹ፣ በ«ዋይ» የሚጀምሩት ከ1920ዎቹና ከ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ «ኢ» ከሌላ ፊደል ጋር የተጣመረላቸው ከ1930ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የተሠሩ ናቸው። ወላይታ ውስጥ ካገኘኋቸው እውነተኛ ሲንጀሮች አብዛኞቹ የአንድ አገር ልጆች ናቸው፤ በስኮትላንድ፣ ክላይድባንክ ከተማ፣ ኪልቦዊ ከሚባለው ፋብሪካ የወጡ።

ስለዚያ ፋብሪካ ባነበብሁ ቁጥር መኪናዎቼን የማይበት ዓይን ተለወጠ። በ1880ዎቹ ተሠርቶ ሥራ የጀመረ ግዙፍ ፋብሪካ ነበር፤ ከሩቅ የሚታይ ባለ አራት ፊት የሰዓት ማማ ነበረው። በመጋቢት 1911 እ.ኤ.አ. የመኪና ሣጥን የሚወለውሉ ዐሥራ ሁለት ሴቶች፣ የባልደረቦቻቸው ሥራ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ቢጫንባቸው ሥራ አቆሙ። በቀናት ውስጥ ከ11 ሺህ ያህሉ ሠራተኞች አብዛኞቹ ተከትለዋቸው ወጡ። አድማው ከሳምንታት በኋላ ተሸነፈ፤ መሪዎቹም ከሥራ ተባረሩ። ከእኔ መኪናዎች አንዷ የዚያ ዘመን ቁጥር ያላት ስትሆን የእንጨት ክዳኗ እስካሁን ያበራል። ሳብሰው እነዚያን ዐሥራ ሁለት ሴቶች አስባለሁ። በመጋቢት 1941 እ.ኤ.አ. ክላይድባንክ በጀርመን አውሮፕላኖች ተደበደበች፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ የእኛይቱ ሶዶ ከጣሊያን እጅ ወጣች። ፋብሪካው በ1980 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። የባቡር ጣቢያው ግን እስከ ዛሬ «ሲንገር» ነው የሚባለው። እንደ ሶዶ ሁሉ እዚያም ስሙ ከሰውየውም ከሥራውም በኋላ ቀርቷል።

*

የቆመች መኪና ሞታለች ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ አስሮ የሚይዛት የራሷ ዘይት ነው። በመጨረሻው የሥራ ቀን የጠጣችው ዘይት በዓመታት ውስጥ እየደረቀ እንደ ሙጫ ይይዛል፤ ከዚያም እንደ ቫርኒሽ ይጠነክራል። እንዲህ ያለችውን መኪና በጉልበት የሚያዞር ሰው አጥንቷን ይሰብራታል። መጀመሪያ ላምባ፣ ቀጥሎ ትዕግሥት ነው መድኃኒቷ። በየዘይት ቀዳዳዋ ጠብታ ጠብታ ላምባ አፈስስና እተዋታለሁ። በማግሥቱ የእጅ መንኰራኵሯን የጣት ስፋት ያህል ወደ ፊት፣ የጣት ስፋት ያህል ወደ ኋላ አንቀሳቅሳለሁ። ደግሞ እተዋታለሁ። ከገሱባ የመጣችው ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ፈጀች። በሃያኛው ቀን ጠዋት፣ ወደ ትምህርት ቤት ልወጣ ስል እንዲያው በጣቴ ነካ ባደርጋት መንኰራኵሯ ያለ ድምፅ ሙሉ ዙር ዞረ። የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቼ የዚያን ዕለት ለምን ፈገግ እንዳልሁ እስከ ዛሬ አያውቁም።

ወርቃማውን ሥዕል በላምባ አይነኩትም፤ በንጹሕ የመኪና ዘይትና በጥጥ ብቻ በዝግታ ነው የሚታበሰው። በአልኮልም አይነኩትም። በድሮዎቹ መኪናዎች ጥቁር ገላ ላይ የሚቀባው የላይኛ ሽፋን ከነፍሳት ሙጫ የሚሠራው ሼላክ በመሆኑ አልኮል ያሟሟዋል። አንድ ወዳጄ «በአረቄ ጠርጋትና ገላግላት» ብሎ ቢመክረኝ፣ አረቄ ከሰው ላይ የሚገፈውን ከእርሷም ላይ እንደሚገፍፍ አስረድቼዋለሁ።

መለዋወጫ ፍለጋ አዲስ አበባ ወርጄ ምናለሽ ተራን ዞሬአለሁ። ሲንጀር የብሎኖቹን ጥርስ በራሱ ልክ ስላወጣ የገበያ ብሎን በእርሷ ቀዳዳ አይገባም፤ የጠፋውን እዚሁ ሶዶ ያለ የቶርኖ ባለሙያ አምሳያውን አይቶ ይሠራልኛል። ከፔዳሉ መንኰራኵር ወደ ላይኛው የሚወጣውን የቆዳ ችንጋ የሚያዘጋጅልኝ ደግሞ አንድ ቆዳ ፋቂ አዛውንት ነው። የአያቶቹ ሙያ በዘመኑ እንዴት ይናቅ እንደነበረ አጫውቶኛል። ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩና ፋቂው በሠሩት እየተገለገለ እነርሱን ግን ከማዕዱ ያራቀ ማኅበረሰብ ነበረን። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው የሚሳደብ እንዲቀር ዐዋጅ አስነግረው ነበር፤ ዐዋጅ ከልብ እስኪደርስ ግን መንገዱ ረጅም ነው። አዛውንቱ ችንጋውን ሲያስረክበኝ ሁልጊዜ ይጐትተውና «ይኼ እኔን ይቀብረኛል» ይላል።

ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ስለ መኪና ሆድ ማውራቴን ታገሡኝ፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የእጅ መርፌ ዓይኗ ከጫፏ በተቃራኒ ነው፤ ጫፏ ቀድሞ ይገባል፣ ክሩ ተከትሎ ይጐተታል። የመኪና መርፌ ዓይኗ ጫፏ ላይ ነው። ኤልያስ ሃው በ1846 እ.ኤ.አ. መብት ካወጣበት ሥራ ዋናው ይህ ሲሆን፣ ሲንገርም ኋላ ለእርሱ ለመክፈል ተገዷል። መርፌዋ የላይኛውን ክር ይዛ ጨርቁን ትወጋለች፤ ከሥር ጥቂት ከፍ ስትል ክሩ ላልቶ ትንሽ ቀለበት ይሠራል፤ የታችኛው መንጠቆ ያን ቀለበት ይይዝና በታችኛው ክር ዙሪያ ያሳልፈዋል፤ ከዚያ የላይኛው ይሰበሰባል። ሁለቱ ክሮች የሚገናኙት በጨርቁ ውፍረት መካከል፣ ማንም በማያያቸው ስፍራ ነው። አንዱ ከላላ ወይም አንዱ ከበረታ ቋጠሮው ወደ ውጭ ይወጣል፤ ስፌቱም ያስጠላል። መኪና ስጠግን ከሌላው ሁሉ የበለጠ ጊዜ የሚወስድብኝ የሁለቱን ክር ውጥረት ማስታረቅ ነው።

ደግሞ ደስ የሚለው፣ ከመቶ ዓመት በላይ የሆናት መኪናዬ የምትጠቀምበት መርፌ ዛሬ ሱቅ ውስጥ ለአዳዲሶቹ የቤት መኪናዎች ከሚሸጠው ጋር አንድ ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ አዲሱ ይቆማል፤ አሮጌዋ ግን በእግር ትሄዳለች።

*

ከሦስት ዓመት በፊት ከቦዲቲ አንዲት እናት መጡ። ሲንጀራቸውን በጋሪ አስጭነው ነው የመጡት። ባላቸው 41 ዓመት ሰፍተውባት ዐርፈዋል። እርሳቸው ልጃቸው ዘንድ ሐዋሳ ሊገቡ ነው፤ የልጃቸው ቤት ጠባብ ነው፤ መኪናዋ መሄጃ የላትም። ዋጋ ተነጋገርን፤ ብዙም አልተከራከሩኝም። ቡና እስኪፈላ ድረስ ጓዳዬን አሳየኋቸው። ታጥበው፣ ተወልውለው የተደረደሩትን መኪናዎች አንድ በአንድ አዩና ወደ ራሳቸው መኪና ተመለሱ። ከመርፌዋ በስተ ግራ፣ ከፊት ለፊቷ ጠርዝ ላይ፣ ወርቃማው ሥዕል ጠፍቶ ጥቁሩም ተልጦ ራቁቱን የቀረ፣ የመዳፍ ስፋት ያለው ቦታ አለ። መዳፋቸውን እዚያ ላይ አሳረፉ።

«መምህር፣» አሉኝ፣ «ሌላውን እንደ ፈለግህ አድርገው ልጄ። ይቺን ግን ቀለም እንዳትቀባብኝ። እጁ ናት።»

«አልቀባም፣ እማማ» አልኋቸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ በሥራዬ ውስጥ አንድ ደንብ ገባ። አሮጌ ዕቃን የሚያድስ ሰው ሁሉ፣ ምን ልጥረግ ምን ልተው የሚል ጥያቄ ይጠብቀዋል። አዲስ አስመስሎ መቀባት ይቻላል፤ የወርቁንም ሥዕል አስመስሎ የሚለጥፍ አለ። ነገር ግን ዝገት መኪናዋ ስትቆም የመጣ ነው፤ ልሽቀት ደግሞ ስትሠራ የመጣ። አንዱ የመረሳት ምልክት ነው፤ ሌላው የአንድ ሰው ዕድሜ። እኔም ዝገቱን አወጣለሁ፤ ልሽቀቱን እተዋለሁ። በመዝገቤም ላይ ከቁጥሯና ከመጣችበት ቦታ ቀጥሎ «የእጅ ቦታ» የሚል ዓምድ አሰመርሁ። የአንዳንዱ ሰፊ መዳፍ ሰፊ ነው። ሁለቱ በግራ እጃቸው የሚሠሩ ነበሩ መሰለኝ፤ የላሸው ቦታ ከሌሎቹ ይለያል። አንዲቱ ላይ ሁለት የእጅ ቦታ አለ፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። አባትና ልጅ እየተፈራረቁ ሠርተውባታል ብዬ አስቤ ዝም አልሁ።

*

በ2017 ዓ.ም. አንድ ትሑት ወጣት ከአዲስ አበባ መጣ። የምግብ ቤቶችና የሆቴሎች ውስጥ ገጽታ ማስዋብ ሥራው ነው። ሶዶ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆና ካፌውም እየበዛ ነውና የእኔን ነገር ሰምቷል። ጓዳዬ ገብቶ ከልቡ አደነቀ። «ጋሼ፣ ሃያ እግር እፈልጋለሁ፤» አለኝ። የብረት እግሮቻቸው መስተዋት ተደርጎባቸው የቡና ጠረጴዛ ይሆናሉ። ራሶቻቸው ደግሞ ግድግዳ ላይ ይደረደራሉ። የሰጠኝ ዋጋ ለእያንዳንዷ 12 ሺህ ብር ነው፤ ለሃያዎቹ 240 ሺህ። ይህ የእኔ የሁለት ዓመት ደመወዝ ነው።

ወጣቱን አልቀየምሁትም። በኪሎ ከሚያቀልጣት ሰው ይሻላል፤ ቢያንስ ታምራለች። ከባለቤቴ ጋር ሦስት ሌሊት ተነጋገርንበት። ጣሪያችን በክረምት ያፈስሳል። ታላቋ ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ጓዳው ሞልቶ መኪናዎቹ ወደ መኝታ ክፍላችን ገብተዋል፤ ባለቤቴ ሌሊት ተነሥታ በጨለማ ስትሄድ እግሯን የምትመታው እነርሱን ነው። «ብረቶችህ ልጅ አያስተምሩም፤» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ መልስ አልነበረኝም።

በሦስተኛው ሌሊት መብራት ጠፋ። በኩራዝ ተቀምጠን ሳለ፣ ባለቤቴ የመጋረጃ ጫፍ ለመዘምዘም ከመኪናዎቹ አንዷ ዘንድ ተቀመጠች። እንደ እኔ የፊዚክስ ሰው ባትሆንም እግሯ ያውቃል፤ ፔዳሉ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደውን የእግር ኃይል ወደ ዙር ይለውጠዋል፤ ከባዱ መንኰራኵርም እግር የሚያርፍባትን ቅጽበት በራሱ ግፊት ያሻግራታል። ዘምዝማ ስትጨርስ ክሩን በጥርሷ በጥሳ፣ «እግሯንና ራሷን ከለየህ ይቺ ምን ትሆናለች?» አለችኝ። ቀጥላም፣ «መሸጥ ካልቀረ ለሚሰፋባት ሰው ሽጥ። በአንድ ጊዜ መክፈል ያቃታት በየወሩ ትክፈል» አለች።

ይህን ሐሳብ የሲንገር ሸሪክ ኤድዋርድ ክላርክ በ1856 እ.ኤ.አ. አስቦት ነበር። ሙሉ ዋጋዋን መክፈል ለማይችል ቤተሰብ መኪናዋን በየወሩ ክፍያ መሸጥ የጀመረው እርሱ ነው፤ ሲንጀር ድኻ ቤት የገባችውም በዚያ በር ነው። ባለቤቴ ክላርክን አታውቀውም። ዕቁብን ግን ታውቃለች።

እንዲህ ሆነና ወጣቱን አመስግነን ሸኘነው። ከየሰፈሩ ስፌት የተማሩ፣ መኪና ግን የሌላቸው ወጣቶች ሞልተዋል፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ለእያንዳንዷ 6 ሺህ ብር፣ በዓመት ውስጥ ተከፍሎ የሚያልቅ። ቃላችን ሦስት ነው፡- እግርና ራሷ አይለያዩ፤ የእጅ ቦታዋ ቀለም አይቀባ፤ ሥራ ያቆምሽ ዕለት መጀመሪያ ለእኔ ንገሪኝ። እስከ አሁን 17ቱ ወጥተዋል። አምስቱን፣ ከመዳን ያለፉ ስለነበሩ፣ ለሌሎቹ መለዋወጫ እንዲሆኑ ፈትቻቸዋለሁ። 21ዱ ቤት ናቸው። ከ17ቱ ገዢዎች አራቱ ክፍያ አቋርጠዋል፤ ከእነርሱ አንዷ መኪናዋን ይዛ ወዴት እንደ ሄደች ጎረቤቶቿም አያውቁም። የጣሪያችን ግማሽ ታድሷል፤ ግማሹ አሁንም ያፈስሳል። ባለቤቴ ስለዚህ ነገር ስታነሣ ትስቃለች፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም።

የቦዲቲዋን እናት መኪና የወሰደችው የጨርቅ ተረፈ ምርት እየሰበሰበች የሕፃናት ልብስ የምትሰፋ ልጅ ናት። ስለ እጅ ቦታው ስነግራት የራሷን መዳፍ አሳርፋ ሞከረችው። «ይበልጠኛል፤» አለች።

*

ወላይታ ዘመኑን የሚለውጠው በጊፋታ ነው፤ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባሉት ቀናት መካከል በሚውለው እሑድ። ከዚያ በፊት ያሉት ሳምንታት የልብስ ሰፊዎች ሳምንታት ናቸው። ጥቁር፣ ቀይና ቢጫ መስመር ያለው ዱንጉዛ ከሸማኔው ወጥቶ ወደ ሰፊው ይገባል፤ ሱሪ ይሆናል፣ ቀሚስ ይሆናል፣ ኮትና ኮፍያ ይሆናል። ዱንጉዛ ለሰፊ ፈተና ነው። መስመሩ ከመስመሩ ሳይዛነፍ በስፌቱ ላይ መገናኘት አለበት፤ ቀዩ ከቀዩ፣ ቢጫው ከቢጫው። አንድ ጣት ቢዛነፍ ገበያው ሁሉ ያያል። ለዚህ ሥራ ፈጣን መኪና አይበጅም፤ እንደ እግር ትእዛዝ አንዲት ስፌት ሄዳ የምትቆም መኪና ትበጃለች።

ባለፈው ጊፋታ ዋዜማ በገበያው በረንዳዎች አልፌ ነበር። የየመኪናው ድምፅ ይለያያል። ረጅም ማመላለሻ ያላት ሞዴል እንደ ፈረስ ኮቴ ትላለች፤ ክብ መንጠቆ ያላት ደግሞ ለስላሳ ናት። የእኔ የነበሩትን ሳላያቸው በድምፅ ለየሁ። ሦስቱ በአንድ በረንዳ ላይ ተደርድረው በዱንጉዛ ላይ ይሮጡ ነበር። አንዲቱ የላይኛው ክሯ ትንሽ ጠብቋል፤ ልነግራት ቆም ብዬ ነበር። ልጅቱ ግን ሰምታው ኖሮ ቀና ሳትል ብሎኗን በሁለት ጣቷ ሩብ ዙር አላላችው። ተውኋት፤ መንገዴን ቀጠልሁ።

አሁን ይህን የምጽፍበት ጠረጴዛ ጫፍ ላይ አርባ አራተኛዋ ተቀምጣለች፤ ከአረካ ባለፈው ቅዳሜ የመጣች። ቁጥሯ በ«ዋይ» ይጀምራል። የእጅ ቦታዋ ጠባብ ነው፤ የሴት እጅ ይመስላል። መንኰራኵሯ ገና አልተንቀሳቀሰም። ትናንት ማታ ላምባ አጠጥቻታለሁ። ነገ ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት የጣት ስፋት ያህል ወደ ፊት፣ የጣት ስፋት ያህል ወደ ኋላ እሞክራታለሁ።